የመምህራችን ሙት ዓመት በቋጠሮ ሒሳብ ይሁን፤ ለገጣፎ ላይ አንድ ሙሉ ቅዳሜ

የኮተቤዋ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ቶፖሎጂ (ቅርጽ ሳይቆረጥ ሲለጠጥና ሲታጠፍ የማይለወጠውን ነገር የሚያጠናውን ሒሳብ) ያስተማሩን መምህር ካረፉ በሚቀጥለው ወር አንድ ዓመት ይሞላቸዋል። ቤተሰባቸው ስማቸው ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ ስለማይፈልግ አልጽፈውም። እሳቸው ያስተማሯችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የጸሎቱንና የተዝካሩን ነገር ቤተሰቡ ይዞታል። ባለቤታቸው ግን ባለፈው ሰሞን «እናንተ ተማሪዎቹስ ምን አሰባችሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔ ያሰብኩት ይህን ነው። ለገጣፎ ላይ፣ ከቤታቸው ብዙም የማይርቅ አዳራሽ ተገኝቷል። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ቁጭ ብለን ሒሳብ እንሥራ። ዕድሜያቸውን የሰጡለትን ሒሳብ፣ የቋጠሮ ቲዎሪንና የዝቅተኛ ዳይሜንሽን ቶፖሎጂን። ጠዋት ትምህርት ይሁን፣ ከሰዓት ጥያቄ። የምስጋና ንግግሩ ከአሥር ደቂቃ አይለፍ። ሲያመሰግኗቸው ይጨንቃቸው ነበር። ሰሌዳ ላይ ቋጠሮ ሲሳል ግን ፊታቸው ይፈካል።

እንዲህ ያለ መታሰቢያ በሌላ አገር የተለመደ ነው። የዚሁ ዘርፍ ትልቅ ሰው የነበረው ዊሊያም ተርስተን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 አረፈ። በጁን 2014 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ላይ ጉባኤ ተደረገለት። የጉባኤው ርዕስ «ቀጥሎስ ምን አለ?» የሚል ነበር። ይህን ርዕስ ሳነብ ሁሌም የእኛ ሰው ትዝ ይለኛል። ክፍል ሲጨርሱ መጨረሻ ላይ የሚጽፉት ነገር ገና ያልተመለሰ ጥያቄ ነበር።

ርቋችሁ ለቆያችሁ፦ ቋጠሮ ስንል ሁለቱ ጫፎቹ የተገናኙ ገመድ ማለታችን ነው። ጫፍ ስለሌለው ሾልኮ አይወጣም። ሳይቆረጥ ወደ ተራ ቀለበት ይመለሳል ወይ? ሁለት የተለያዩ የሚመስሉ ቋጠሮዎች በእርግጥ አንድ ናቸው ወይ? ሥራው ይኸው ነው። ዳይሜንሽን ማለት አንድ ነገር የሚዘረጋባቸው አቅጣጫዎች ብዛት ነው፤ ዝቅተኛ የሚባሉት ደግሞ በዋናነት 3 እና 4 ናቸው። ዝቅተኛ ስለተባለ ግን አይቅለላችሁ። ፖንካሬ እ.ኤ.አ. በ1904 ያነሣውን ጥያቄ፣ ማለትም ዝግና ቀዳዳ የሌለው ቅርጽ ሁሉ በእርግጥ ሉል ነው ወይ የሚለውን፣ ስሜል ለ5 እና ከዚያ በላይ ለሆኑት በ1960ዎቹ መጀመሪያ መለሰው። ፍሪድማን 4ን በ1982 መለሰ። ፔሬልማን በ2002 እና በ2003 ባወጣቸው ጽሑፎች 3ን መለሰ። የምንኖርበት ዳይሜንሽን ነው መጨረሻ ላይ እጅ የሰጠው።

በሉ ሐሳብ ስጡ።

የሱሉልታው፦

እህቴ፣ ከልብሽ እንደሆነ ይገባኛል። እኔም እሳቸው ጋ ሁለት ኮርስ ወስጃለሁ፤ ውለታቸው አለብኝ። ግን ለአዳራሽ፣ ለምሳና ለትራንስፖርት የሚወጣው ብር ለአንድ ችግረኛ ተማሪ ቢሰጥ አይሻልም? እዚህ እኛ ሰፈር ደብተር ያጡ ልጆች አሉ። ደግሞ ከጎረቤት አንዱ ሰው ገብቶ «ይሄ ገመድ ምን ይጠቅማል?» ቢለን ምን እንላለን?

ላብራቶሪ ነኝ፦

የሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ሙያዬ ባዮሎጂ ነው።

በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ወደ 2 ሜትር ይሆናል። የታጨቀው ግን በዓይን በማትታይ አንዲት ኒውክለስ ውስጥ ነው። ሴሉ ሲከፈል ይህ ሁሉ ክር መገልበጥ አለበት። ሲገለበጥ ይጠማዘዛል፣ ይተሳሰራል፣ ይቋጠራል። ይህን የሚፈቱ ኢንዛይሞች አሉን፤ ቶፖአይሶመሬዝ ይባላሉ። ክሩን ይቆርጣሉ፣ ሌላውን ክር በቀዳዳው ያሳልፋሉ፣ መልሰው ይገጥሙታል። አንዱ ክር በሌላው ላይ የሚያልፍበት ቦታ መሻገሪያ ይባላል፤ የቋጠሮ ሒሳብ ሰዎች «መሻገሪያ መቀየር»፣ ማለትም የላዩን ክር ወደ ታች ማድረግ፣ የሚሉትን ነገር ሴል ውስጥ በየደቂቃው ይሠራሉ ማለት ነው።

ሲፕሮ የሚባለውን መድኃኒት የማያውቅ ሰው የለም። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚሠራው የባክቴሪያውን እንዲህ ያለ ኢንዛይም በማሰናከል ነው። ባክቴሪያው ዲኤንኤውን መፍታት ያቅተውና ይሞታል። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ጎረቤት ከጠየቀ ይህን ንገሩት።

የኮተቤዋ መምህርት፦

ላብራቶሪ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ከምሳ በፊት ሃያ ደቂቃ ብትነግረን ደስ ይለኛል።

የሱሉልታው ወንድሜ፣ የተማሪውን ነገር አቅልዬ አላየሁትም። ግን አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ ሒሳብ ትልቁ ግኝት የመጣው ጥቅም ሲፈለግ አይደለም። ቮን ጆንስ የኒውዚላንድ ሰው ነው። የሚሠራው ፎን ኖይማን አልጀብራ በሚባል፣ ከገመድ ጋር ምንም የማይገናኝ በሚመስል ዘርፍ ነበር። በስሌቱ ውስጥ ያገኛቸው ሕጎች የጉንጉን ሕግ ይመስላሉ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ኒውዮርክ ሄዶ የጉንጉን ሒሳብ አዋቂ ከሆነችው ከጆአን በርማን ጋር ተነጋገረ። ከዚያ ዛሬ የጆንስ ፖሊኖሚያል የምንለው ወጣ። ከቋጠሮው ሥዕል የሚሰላ፣ የአንድ ፊደል የተለያዩ ኃይላት ድምር ነው፤ ገመዱ ቢንቀሳቀስም አይለወጥም።

ከዚያ በፊት የነበረው የአሌክሳንደር ፖሊኖሚያል ነው፤ 1928 የታተመ። ትሬፎይል የሚባለውን፣ ሦስት መሻገሪያ ያለውን ቋጠሮ በመስታወት ብታዩት የግራና የቀኝ ልዩነት አለው። ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን ማክስ ዴን በ1914 በሌላ መንገድ አረጋግጧል። የአሌክሳንደር ፖሊኖሚያል ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። የጆንስ ይለያቸዋል። ለአንዱ ኃይላቱ 1፣ 3 እና 4 ሲሆኑ ለመስታወቱ ምስል ኔጋቲቭ 1፣ ኔጋቲቭ 3 እና ኔጋቲቭ 4 ይሆናሉ። መምህራችን ይህን ሰሌዳ ላይ ሲያወጡት ክፍሉ ጸጥ ያለበት ቀን አይረሳኝም።

ጆንስ በ1990 ኪዮቶ ላይ በሒሳብ ትልቅ ክብር ያለውን የፊልድስ ሜዳልያ ተሸለመ። ንግግሩን ያደረገው የአገሩን የራግቢ ቡድን ማልያ ለብሶ ነው። ያረፈው በሴፕቴምበር 2020 ነው። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ሌላው የቋጠሮ ሒሳብ ሰው ጆን ኮንዌይም አርፏል። ያ ዓመት ለዚህ ሒሳብ ከባድ ነበር።

አሥራ አንድ ቢ፦

ሰላም፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ለገጣፎ ነው የምኖረው። መምጣት ይፈቀድልኛል? አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንድ ቋጠሮ አይፈታም ስትሉ በምን ታውቃላችሁ? ሺህ ጊዜ ሞክሬ አልፈታሁትም ማለት እኮ ማረጋገጫ አይሆንም። ሺህ አንደኛው ላይ ሊፈታ ይችላል።

የሰንዳፋው ጡረተኛ፦

ልጄ፣ ይህን የጠየቀ ሰው መምጣት አይፈቀድለትም ወይ? ከፊት ወንበር ይቀመጣል እንጂ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኝ ነበር።

ወረቀትና ሦስት ቀለም አምጣ። ትሬፎይሉን ሳል። ክሩ ከታች በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ መስመሩን አቋርጠው። ሦስት ቁራጭ መስመር ታገኛለህ። አሁን እያንዳንዱን ቁራጭ በአንድ ቀለም ቀባ። ሕጉ ይህ ነው፦ በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ ሦስት ቁራጮች ይገናኛሉ፤ ወይ ሦስቱም አንድ ቀለም ይሁኑ፣ ወይ ሦስቱም የተለያዩ። ሁለቱ አንድ ሆነው ሦስተኛው ቢለይ አይቻልም። ደግሞ በጠቅላላው ሥዕል ከአንድ በላይ ቀለም መጠቀም አለብህ።

ትሬፎይሉ ይቻላል። ሦስቱን ቁራጭ በሦስት ቀለም ቀባና እየው። ተራ ቀለበት ግን አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ አንድ ቀለም ብቻ ነው የሚወስደው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ራይደማይስተር የሚባል ጀርመናዊ በ1920ዎቹ አንድ ነገር አሳየ። ገመዱን ምንም ያህል ብታንቀሳቅሰው በሥዕሉ ላይ የሚመጣው ለውጥ በሦስት ዓይነት ትናንሽ እንቅስቃሴዎች ይጠቃለላል። አንዱ ክሩን አጠማዞ ቀለበት መሥራት ነው። ሁለተኛው አንዱን ክር በሌላው ላይ መሳብ ነው። ሦስተኛው አንዱን ክር በመሻገሪያ አልፎ ማሻገር ነው። ሦስቱንም በየተራ ሞክራቸው። ከእንቅስቃሴው በፊት በሕጉ መቀባት ከቻለ፣ በኋላም ይችላል። እንግዲህ ትሬፎይሉ ቀለበት መሆን ቢችል ኖሮ ቀለበቱም በሕጉ ይቀባ ነበር። አይቀባም። ስለዚህ ሺህ አንደኛውም ሆነ ሚሊዮንኛው ሙከራ አይፈታውም። በቃ፣ ተረጋገጠ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። አራት መሻገሪያ ያለው፣ ስምንት ቁጥር የሚመስለው ቋጠሮ በሦስት ቀለም አይቀባም። ሆኖም ተቋጥሯል። ስለዚህ ፈተናው የወደቀው ሁሉ ቀለበት ነው አይባልም። ለዚህ ነው የጆንስን የመሰለ ጠንካራ መሣሪያ ያስፈለገው።

አሥራ አንድ ቢ፦

ጋሼ፣ ቀባሁት። ሦስተኛውን እንቅስቃሴ አሁን እየሠራሁት ነው፤ ብዙ ዓይነት አቀባብ አለው። ሁሉም እየወጣ ነው። በጣም አመሰግናለሁ።

ብራና ፋቂዋ፦

እኔ ሒሳብ አልተማርኩም። ወንድሜ ነው ይህን ገጽ ያሳየኝ፤ እሱ መምህሩን ያውቃቸዋል። ሥራዬ እንጦጦ በኩል ነው፤ ብራና እፍቃለሁ፣ ሐረግም እስላለሁ። የምትሉትን ሳነብ የማውቀው ነገር ሆነብኝ።

በድሮ መጻሕፍት ራስጌ ላይ ያለውን ሐረግ አይታችሁ ይሆናል። መስመሮቹ እየተጠላለፉ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያለፉ ይሄዳሉ። መስቀል ላይም አለ። ስሠራ ሁሌ የሚያስቸግረኝ አንድ ነገር አለ። አንዳንዴ አንድ መስመር ይዤ ስከተለው ሐረጉን ሁሉ ዞሮ ወደ መነሻው ይመጣል። አንዳንዴ ግን ግማሹን ሄዶ ይዘጋል፤ ሌላ መስመር መጀመር ግድ ይሆናል። ሁለት ቀለም ለመጠቀም ሳስብ ይህን አስቀድሜ ማወቅ አለብኝ። የምሞክረው በእርሳስ ነው። ሳልሞክር የማውቅበት መንገድ አለ?

የኮተቤዋ መምህርት፦

እህቴ፣ አለ! ቁጭ ብዬ እያነበብኩ ነበር፤ ጥያቄሽን ሳይ ተነሣሁ።

ሐረጉ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነ፣ በመሐል ሳይቋረጥ ከዳር እስከ ዳር የተጠላለፈ ከሆነ፣ እንዲህ አድርጊ። በመስመሮቹ መካከል የሚቀሩትን ነጥቦች በረድፍና በዓምድ ቁጠሪ፤ መስመሩ ዙሪያቸውን የሚዞርባቸውን ማለቴ ነው። ረድፉ 2፣ ዓምዱ 3 ነው እንበል። የሁለቱን ቁጥሮች ትልቁን የጋራ አካፋይ ፈልጊ። የ2 እና የ3 አንድ ነው፤ ስለዚህ አንድ መስመር ይበቃል። 2 በ4 ከሆነ ሁለት መስመር ነው። 3 በ6 ከሆነ ሦስት። 4 በ5 ከሆነ እንደገና አንድ። ሁለት ቀለም ከፈለግሽ ሁለቱም ቁጥሮች ለ2 ይካፈሉ፤ ግን ትልቁ የጋራ አካፋያቸው ከ2 አይብለጥ።

ይህን ሕግ ፖሉስ ጌርደስ ሞዛምቢክ ሆኖ ሲያጠናው ቆይቷል። የሒሳብ ሰው ነው፤ በ2014 አርፏል። እሱ ያጠናው የአንጎላን ቾክዌ ሕዝቦች ሥዕል ነው። ሶና ይባላል። አሸዋ ላይ በጣታቸው መጀመሪያ ነጥብ በረድፍ ይደረድራሉ። ከዚያ ጣታቸውን ሳያነሡ ዙሪያውን መስመር ይስላሉ፤ እየሳሉም ተረት ይነግራሉ። አንድ ጊዜ ብቻ በተሳለ መስመር ሁሉንም ነጥብ መክበብ እንደ ትልቅ ችሎታ ይታያል። አንቺ በብራና ላይ የምትታገይው ነገር እዚያ በአሸዋ ላይ ነበር ማለት ነው።

ሌላም አለ። የመሻገሪያዎቹን ብዛትም ሳትስይ ማወቅ ትችያለሽ። ረድፉን በዓምዱ አባዢ፣ በ2 አባዢ፣ ከዚያ ረድፉንና ዓምዱን ቀንሺ። 2 በ2 ከሆነ 8 ሲቀነስ 4፣ ማለትም 4 መሻገሪያ። ይህ ሁለት ቀለበት አራት ቦታ የተጠላለፈበት ነው፤ ብዙዎች የሰሎሞን ቋጠሮ የሚሉት። 2 በ3 ከሆነ 12 ሲቀነስ 5፣ 7 መሻገሪያ፣ መስመሩም አንድ።

አሁን ወደ ጆንስ ልመልሳችሁ። ስኮትላንዳዊው ቴት በ19ኛው መቶ ዘመን ቋጠሮዎችን በሠንጠረዥ ሲያስቀምጥ አንድ ግምት ነበረው። መስመሩ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየተፈራረቀ የሚሄድ ከሆነ፣ የማያስፈልግ ጥምዝም ከሌለው፣ ከዚያ ባነሰ መሻገሪያ ሊሳል አይችልም የሚል። ማረጋገጫ አልነበረውም። መቶ ዓመት ያህል ማንም አላረጋገጠውም። የጆንስ ፖሊኖሚያል ከመጣ በኋላ ካውፍማን፣ ሙራሱጊና ትስልትዌይት በ1987 አረጋገጡት። የፖሊኖሚያሉ ትልቁና ትንሹ ኃይል ልዩነት ልክ የመሻገሪያውን ብዛት ይሆናል።

እህቴ፣ ይህ ስላንቺ ሐረግ የሚናገረው ነገር አለ። ረድፉም ዓምዱም 2 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ላይና ታቹን ሳትስቺ ካፈራረቅሽ፣ የሠራሽው ሐረግ ትርፍ መሻገሪያ የለውም። ያንኑ ጥልፍልፍ በአንድ መሻገሪያ እንኳ አሳንሶ መሣል የሚችል ሰው የለም። የድሮዎቹ ጸሐፍት ያለ ምንም ብክነት ነው የሠሩት።

እባክሽ ነይልን። ሥዕልሽን ይዘሽ ነይ።

የሰንዳፋው ጡረተኛ፦

አንድ አስተያየት አለኝ። ሐረግ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ መስቀሉም እንዲሁ። አዳራሽ ውስጥ ስናነሣቸው በአክብሮት ይሁን። የልጆቹ መማሪያ በወረቀት የተገለበጠ ሥዕል ይሁን እንጂ ብራናው ራሱ ከእጅ ወደ እጅ አይዙር።

ብራና ፋቂዋ፦

አባባ፣ ልክ ብለዋል። የምሠራቸውን ልምምዶች በወረቀት ይዤ እመጣለሁ። 2 በ4 የነበረ አንድ ሐረግ አሁን አውጥቼ ተከተልኩት። ሁለት መስመር ነው። ሠርቼ ስጨርስ ግራ ገብቶኝ የተውኩት ነበር።

የሱሉልታው፦

ስለ ሲፕሮውም ስለ ሐረጉም አመሰግናለሁ፤ ሁለቱንም አላውቅም ነበር። የተማሪው ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። አሁንም ገንዘቡ ወደዚያ ቢሄድ እላለሁ። መታሰቢያው ቀን ላይ ሣጥን ይቀመጥ፣ የቻለ ያድርግ። እኔ በበኩሌ የምሳዬን አልበላም፤ ድርሻዬን እዚያ እከታለሁ።

የኮተቤዋ መምህርት፦

ሣጥኑ ይቀመጣል። ምሳህን ግን ትበላለህ፤ ባለቤታቸው ሽሮውን እኔ እሠራለሁ ብለዋል። እምቢ ብትላቸው ያዝኑብሃል።

ከሰዓት በኋላ ነኝ፦

የጥያቄዎቹን ሰዓት እኔ ልምራ? ዶክትሬት እየሠራሁ ነው፣ በዚሁ ዘርፍ። ሦስት ነገር ማቅረብ እፈልጋለሁ።

አንደኛው ጆንስ ራሱ ጥሎልን የሄደው ነው። የጆንስ ፖሊኖሚያሉ ልክ እንደ ተራ ቀለበት የሆነ፣ ግን በእርግጥ የተቋጠረ ቋጠሮ አለ ወይ? እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም። ከጆንስ ፖሊኖሚያል የመነጨው፣ የኮቫኖቭ ሆሞሎጂ የሚባለው ሰፋ ያለ መሣሪያ ግን ቀለበትን እንደሚለይ ክሮንሃይመርና ምሮውካ አረጋግጠዋል። ታናሹ ሲያውቅ ታላቁ ማወቁ ያልታወቀበት ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው የኮንዌይ ቋጠሮ ነው። 11 መሻገሪያ አለው። አራት ዳይሜንሽን ባለው ኳስ ውስጥ የለስላሳ ዲስክ፣ ማለትም ሹል ቦታ የሌለው ክብ ገጽ፣ ጠርዝ ሊሆን ይችላል ወይ ተብሎ ሃምሳ ዓመት ያህል ተጠይቋል። አይሆንም ብላ ያረጋገጠችው ሊሳ ፒቺሪሎ ናት። ሥራዋ በ2020 ታተመ፤ ስትሠራው ገና የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። መንገዷ ቆንጆ ነው። የኮንዌይን ቋጠሮ ትታ ሌላ፣ ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት ባለ አራት ዳይሜንሽን ቅርጽ የሚጋራ ቋጠሮ ሠራች። ከዚያ ያኛው የዲስክ ጠርዝ እንደማይሆን አሳየች፤ ያኛው ካልሆነ የኮንዌይም አይሆንም። ይህን ለማስረዳት ሙሉ ሰዓት እፈልጋለሁ።

ሦስተኛው የቅርብ ጊዜ ነው፣ የ2025። አንድን ቋጠሮ ለመፍታት ስንት መሻገሪያ መቀየር አለበት? ይህ የመፍቻ ቁጥር ይባላል። ሁለት ቋጠሮ በአንድ ገመድ ላይ ቢቀጠሉ የመፍቻ ቁጥራቸው ይደመራል ብለው ሰዎች ለረጅም ጊዜ ገምተዋል። ብሪተንሃምና ሄርሚለር ይህ ስሕተት መሆኑን አሳዩ። 7 መሻገሪያ ያለውን አንድ ቋጠሮና የመስታወት ምስሉን ቀጠሉ። የእያንዳንዳቸው 3 ነው። 6 ይሆናል የተባለው በ5 ተፈታ። ላብራቶሪ እንደነገረን ኢንዛይሙም የሚሠራው መሻገሪያ በመቀየር ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ለእሱም ይሆናል።

መምህራችን ይህን ሦስተኛውን አላዩትም። ሳስበው ይቆጨኛል።

ላብራቶሪ ነኝ፦

ይህን አላውቅም ነበር። ከእኔ ሃያ ደቂቃ አሥሩን ወስደህ እዚያው ላይ አብረን እናቅርበው።

የኮተቤዋ መምህርት፦

እሺ፣ እንዲህ ይሁን። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንጀምር። ጋሼ በሦስት ቀለም ይከፍቱልናል። ከዚያ እኔ ስለ ጆንስ አቀርባለሁ። ቀጥሎ ብራና ፋቂዋ እህታችን ሐረጓን ይዛ ትቀርባለች፤ ረጅሙን ሰዓት ለእሷ ሰጥቻለሁ። ላብራቶሪ ከምሳ በፊት። ከሰዓቱ ሙሉ በሙሉ የጥያቄ ነው። ገመድ እኔ እገዛለሁ፤ ባለቀለም እርሳስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ከመገናኛ የምትመጡ በካራ በኩል የሚሄደውን የለገጣፎ ታክሲ ያዙ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሰልፍ ስላለ ቀደም በሉ። አዳራሹን በውስጥ መስመር እነግራችኋለሁ።

አሥራ አንድ ቢ፦

መምህርት፣ 3 በ5 የሆነ ሐረግ ሠራሁ። መጀመሪያ አንድ መስመርና 22 መሻገሪያ ይሆናል ብዬ አሰላሁ፤ ስስለው ልክ መጣ። ግን ከመሐል አንዱን መሻገሪያ አጥፍቼ መስመሮቹን አቅጣጫ አስቀይሬ ሳገናኛቸው ሁለት መስመር ሆነ። ሌላ ቦታ ላይ እንዲሁ ሳደርግ ደግሞ አንድ እንደሆነ ቀረ። ለምን ይሆን?

የኮተቤዋ መምህርት፦

ይህ ጌርደስም ሌሎችም የተጨነቁበት ጥያቄ ነው። መሻገሪያ አጥፍቶ ሁለቱን ጫፎች በሌላ አቅጣጫ ማገናኘት ደግሞ ካውፍማን የጆንስን ፖሊኖሚያል ያሰላበት ዘዴ ነው። ሁለቱንም ሥዕሎች ይዘህ ና። ከሰዓት በኋላ በአንተ ጥያቄ እንጀምራለን።

ከሰዓት በኋላ ነኝ፦

ይጀመር። ጥፋቱን በአግድም ነው ያደረግከው በቁም? ለእያንዳንዱ ጻፍልኝና ይዘህ ና።